ማቃጠል ወይስ ማጠብ

እከክ የገባበት ቤት መጀመሪያ የሚታሰበው ጨርቅ ነው። አንሶላው፣ ጋቢው፣ ብርድ ልብሱ፣ የልጆቹ ሹራብ፣ የትራሱ ልብስ ከያለበት ተለቅሞ ደጅ ይወጣል። እኛም ቤት እንዲሁ ሆነ። በልጆቹ ጣቶች መካከል የጀመረው ማሳከክ ሌሊት ሌሊት እየባሰ ሲሄድ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መጥታ አየች። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ቅባት የሚያሳክከውም የማያሳክከውም፣ የቤቱ ሰው በሙሉ፣ በአንድ ቀን እንዲቀባ ነገረችን። ቀጥላ ወደ ጨርቁ ክምር ዞረች። የፈላ ውኃ የሚችለው በፈላ ውኃ ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይዋል፤ የማይችለው በፌስታል ታስሮ ሳምንት ይቀመጥ አለች።

ከክምሩ ላይ ያልደረሰ አንድ አሻንጉሊት ነበር። አራት ዓመት የሆነው የልጄ ልጅ ደረቱ ላይ ለጥፎት ከበሩ ጀርባ ቆሟል።

«እሱንስ?» አልኳት።

እሷ ከመመለሷ በፊት፣ ልታግዘኝ የመጣችው ጎረቤቴ መለሰች። «እሱንማ አቃጥይው። በሽታውም ይሄዳል፣ ሌላውም ይሄዳል።»

«ሌላው» ያለችው ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ጎረቤቴ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብራኝ የምታመልክ፣ ለጸሎት ሌሊት የምትነሣ፣ ልጆቼ ሲታመሙ ከእኔ ቀድማ የምትንበረከክ ሴት ናት። ልጁ አሻንጉሊቱን ታቅፎ ማደሩ፣ ሲነጥቁት እሪ ማለቱ፣ ከቁራሹ ላይ እየገመሰ ወደ አሻንጉሊቱ አፍ ማስጠጋቱ ከቆየ ጀምሮ ያሳስባት ነበር። በዚያ ላይ ስሙ አለ። ልጁ አሻንጉሊቱን የሚጠራው «ጥጃዬ» ብሎ ነው። ዘጸአት 32ን የሚያውቅ ሰው ይህን ስም ሰምቶ ዝም ማለት ይከብደዋል።

እንግዲህ የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ ሕፃን ነፍሱን ያሰረበት ነገር ሲቆሽሽ በየትኛው ሕግ ይዳኛል? ሙሴ በሲና ተራራ ሥር ያገኘውን ጥጃ በእሳት አቃጠለው፣ ፈጨው፣ በውኃ ላይ በትኖ ሕዝቡን አጠጣው። በዚያው በሙሴ እጅ በተሰጠው ሕግ፣ በዘሌዋውያን 13 መጨረሻ፣ ደዌ የታየበት ልብስ እንዴት እንደሚመረመር፣ እንደሚጠበቅ፣ እንደሚታጠብ ተዘርዝሯል። አንዱ እሳት ነው፣ ሌላው ውኃ። ሁለቱም ቃሉ ናቸው፤ አንዱን ጥዬ አንዱን ማንሣት አይሆንልኝም። የትኛው ለምን ዓይነት ነገር እንደተሰጠ መለየት አለብኝ።

ጎረቤቴ እሳቱን ስትመርጥ ከባዶ አልተነሣችም፤ ከኋላዋ የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ አለ። በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመራው የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ቡድን ወደ ሆሳዕና አካባቢ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ጣልያን አገሪቱን ሲይዝ ሚሲዮናውያኑ ወጡ። ጣልያን ተሸንፎ ሲመለሱ በከምባታ፣ በሐዲያና በወላይታ ትተውት ከሄዱት እጅግ የበዛ ምእመን ቆያቸው፤ በመካከሉ የደከሙት የአገሬው አማኞች ነበሩ። በዚያ ትውልድ ብዙዎች ጨሌውን ከአንገታቸው፣ ክታቡን ከክንዳቸው ፈትተው እሳት ውስጥ ጣሉ። ያ እሳት በየቤታችን ዛሬም በአክብሮት ይወራል፤ እኔም ለሕፃናት አስተምሬዋለሁ። በልጅ አንገት የታሰረ ጨሌ ልጁን ይጠብቃል ተብሎ የሚታመን ነበርና እናት እጇን አንሥታ መፍታቷ ቀላል ድፍረት አልነበረም። «ልጁ ያለዚህ ነገር አይተኛም» ሲባል የሰማች ሴት ያን ጨሌ ብታስታውስ አልፈርድባትም።

አሁን ስለ ነገሩ ራሱ ልናገር። ጥጃው ድብ ነው። ቡናማ ጸጉር፣ አጭርና ክብ ጆሮ፣ ወደ ፊት ወጣ ያለ አፍንጫ ያለው የፋብሪካ ድብ። እኛ በምንኖርበት በሙዱላ ድብ ከየት ይታያል? ልጁ የሚያውቀው በእንሰቱ ጥላ ሥር ታስሮ የሚውለውን ቡናማ ጥጃ ነው። አየው፣ ስም አወጣለት፣ አለቀ። ግራ ጆሮው ልጁ ጥርስ ሲያወጣ ታኝኮ ጸጉሩን ጨርሷል። አንድ ዓይኑ ወድቆ ከአሮጌ ካፖርቴ የተፈታ ጥቁር ቁልፍ ተተክሎበታል። ሆዱ ላይ ከምድጃ የተፈናጠረ ፍም የተወው ጠባሳ አለ፤ መሐሉ ገባ ያለ፣ ጠርዙ ቀልጦ የጠነከረ፣ ጣት ሲያልፍበት የሚቆረቁር። ሽታው ከሩቅ ይለያል። የማገዶ ጢስ አለው፣ የራስ ቅቤ አለው፣ የፈሰሰበት ወተት፣ የሌሊት ሽንት፣ የልጅ ላብ አለው።

የላከው የእኔ ልጅ ነው፣ የሕፃኑ አባት። ሚስቱ እርጉዝ ሳለች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። በሐዲያ፣ በከምባታ፣ በእኛም በጠምባሮ ያ መንገድ ያልነካው ቤት ጥቂት ነው። ሞያሌ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፤ አገሮቹን ያላየን እናቶች ስማቸውን በቅደም ተከተል በቃላችን እናውቃለን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት፣ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። ልጄ ያን ዜና ከእኔ ጋር ተቀምጦ ሰምቷል። ሰምቶም ሄደ። እግዚአብሔር ይመስገን ደረሰ፤ ሱቅ ተቀጠረ፤ ልጅ ተወለደልህ ሲባል ድቡን ገዝቶ ወደ አገር ለሚመለስ ሰው አስይዞ ላከው። ልጁን እስከ ዛሬ በእጁ አላቀፈውም።

ይህን ይዤ ዘጸአት 32ን ደግሜ አነበብኩት። ታሪኩ ከወርቁ በፊት የሚጀምረው ከሰው መዘግየት ነው። ሙሴ ተራራው ላይ ቆየ፤ ሕዝቡም ከግብፅ ያወጣቸው ያ ሰው ምን እንደደረሰበት ስላላወቁ አሮንን ከበቡት። ጎረቤቴ ሳታስበው ልቤን ነክታዋለች። የእስራኤልም ጥጃ የልጄም ልጅ ጥጃ ወደ ቤት የገቡት የሚጠበቅ ሰው በመዘግየቱ ነው። የወርቁ ጥጃ የዚያን ሕዝብ ፍርሃት ይዞ መጣ፤ የእኛ ቤት ጥጃም ፍርሃት ወዳለበት ቤት ነው የመጣው። ይህን መካድ አልችልም።

ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል። እስራኤል በፊታቸው የሚሄድ አምላክ እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ የቀረውን መጠበቅ ተዉ፤ ባሕር ላሻገራቸው የሚገባውን ምስጋና ለጥጃው ሰጡ። ልጁ መጠበቅ አልተወም። አባቱ በኢሞ ሲደውል መጀመሪያ የሚያደርገው ጥጃውን ወደ ስልኩ ማስጠጋት ነው፤ አባቱ እንዲያየው፣ ሰላም እንዲለው። ስልኩ እስኪዘጋ ጥጃው ጉልበቱ ላይ ተረስቶ ይቀመጣል። ጣዖት የራቀውን ሰው ወንበር ይወስዳል። ይህ ወንበሩን ይለቃል።

ጎረቤቴ ግን ጣዖትን ከአሻንጉሊት የሚለይ ምልክት ትፈልጋለች፣ ልክም ናት። ምልክቱን ያገኘሁት ኢሳይያስ 46 ላይ ነው። የባቢሎን አማልክት ቤልና ናባው በደከሙ ከብቶች ላይ ተጭነው ወደ ምርኮ ሲሄዱ ነቢዩ ያሳየናል፤ ወዲያው እግዚአብሔር ሕዝቡን ከማሕፀን ጀምሮ እንደተሸከመ፣ እስከ ሽበታቸውም እንደሚሸከም ይናገራል። የሚለየው ይህ ነው፦ ተሸካሚው ማን ነው? ቤልን የተሸከመች ከብት ሸክሟን አምላክ ነው የሚሉ ጌቶች ነበሯት፤ ያ ሸክም ያድነናል ይሉ ነበር። ልጁ ጥጃው ያድነኛል ብሎ አያውቅም። ያጎርሰዋል፣ በነጠላዬ ጫፍ ይሸፍነዋል፣ ጅብ ሲጮኽ «አይዞህ፣ አይመጣም» ይለዋል። ከበሽታ ጠብቀኝ አይለውም፤ ታሞ ከሆነ ግንባሩን ይዳስሰዋል። ጨሌው ጠባቂ ነበር። ጥጃው ተጠባቂ ነው። እናቱና እኔ ያደረግንለትን ሁሉ ልጁ ለሌላ እያደረገ ነው፤ ተሸክመነው ነበርና መሸከም ጀመረ።

ይህን ስነግራት ጎረቤቴ ዝም ብላ ሰማችኝና «እሺ፣ ጣዖት አይሁን። ሲነጥቁት ግን ለምን እንደዚያ ይሆናል? ሰው ለጨርቅ ነፍሱ እስኪወጣ ያለቅሳል?» አለች።

ለዚህ መልስ የረዳኝ በመምህርነት ዘመኔ ያነበብኩት ነገር ነው። ዶናልድ ዊኒኮት የሚባል እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ልቦና ተንታኝ እ.ኤ.አ. በ1951 ባቀረበው፣ በ1953 በታተመ ጽሑፉ ሕፃናት ስለሚያቅፉት የጨርቅ ጫፍ፣ ብርድ ልብስና አሻንጉሊት ጻፈ። እነዚህ ነገሮች ሕፃኑ «እኔ» እና «እናቴ» ብሎ መለየት በሚጀምርበት ወቅት በሁለቱ መካከል የሚቆሙ ናቸው አለ። ስለዚህም ልጁ ራሱ ካልለወጣቸው በቀር መለወጥ የለባቸውም። አስተዋይ እናት ነገሩ እንዲቆሽሽ፣ እንዲሸትም ትተወዋለች፤ ማጠብ በልጁ ኑሮ ውስጥ ስንጥቅ ሊከፍት፣ ነገሩም ለልጁ የነበረውን ትርጉም ሊያጠፋ እንደሚችል ታውቃለችና። ቆሻሻን እንደ ጠላት ለተማርን ሰዎች ይህ ከባድ ቃል ነው። እኔ ሰላሳ ልጅ በአንድ ክፍል ደርድሬ ጥፍር ስመረምር የኖርኩ ሴት ነኝ።

ከጽሑፉ ውስጥ በልቤ የቀረው ግን ሌላ ነጥብ ነው። ልጁን «ይህን ነገር አንተ ፈጠርከው ወይስ ተሰጠህ?» ብለን አንጠይቀውም ይላል ዊኒኮት። ጥያቄው ጨርሶ መነሣት የለበትም። እውነትም ድቡን የሠራው ፋብሪካ ነው፤ የላከው አባቱ ነው፤ ጥጃ ያደረገው ልጁ ነው። ሦስቱም እውነት ናቸው፣ እሱን ግን አንዱን ምረጥ አንለውም።

ይህን የሚሰሙ አንዳንድ የተማሩ ሰዎች ወዲያው ወደ እኛ ይዞራሉ። እንግዲያው እምነትም የአዋቂ ሰው አሻንጉሊት ነዋ ይላሉ፤ ብቻችሁን መተኛት ስለፈራችሁ የፈጠራችሁት። ክሱን አላናንቀውም። ልጁን በሌሊት ያየሁት ግን ተቃራኒውን ያስተምረኛል። ዊኒኮት ራሱ እንደጻፈው እናት ከልክ በላይ ስትርቅና ስትቆይ አሻንጉሊቱ ለልጁ ትርጉሙን ያጣል፤ ነገሩ ሕይወት የሚኖረው እውነተኛ ክንድ እስካለ ድረስ ነው። ማንም አቅፎት የማያውቅ ልጅ ጥጃ ማቀፍን ከየት ያመጣዋል? ልጁ በጨለማ ለጥጃው «አይዞህ» ሲል የሚናገረው ቃል ከእናቱ አፍ የተቀበለው ነው። መጽናናቱ የሌለን ነገር የሚፈጥር ቢሆን ኖሮ እናት በቀረችባቸው ቤቶች ይበረታ ነበር፤ የሚሞተው ግን እዚያ ነው። የእኔም ጸሎት ከባዶ እንዳልጀመረ የማውቀው እንዲሁ ነው። ከእኔ በፊት የተሸከመኝ አለ።

ለጎረቤቴ የነገርኳት በአጭሩ ይህንን ነው፦ ለጨርቅ አያለቅስም። የተቀበለውን ክንድ ስትወስጂበት ነው የሚያለቅሰው።

ጣዖት ካልሆነ እሳቱ የእሱ ሕግ አይደለም። የቀረው የልብሱ ሕግ ነው።

ዘሌዋውያን 13፣ ከቁጥር 47 ጀምሮ ያለው፣ በስብከት እምብዛም የማይነሣ ክፍል ነው። ከበግ ጠጉር ወይም ከተልባ እግር በተሠራ ልብስ ላይ፣ ወይም በቆዳ ላይ፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ የሚመስል ምልክት ቢወጣ ለካህኑ ይታያል። ካህኑ ወደ እሳት አይሮጥም። ያየዋል፤ ሰባት ቀን ይዘጋበታል። በሰባተኛው ቀን ከፍቶ ያየዋል። ምልክቱ ከሰፋ ይቃጠላል፤ ካልሰፋ እንዲታጠብ አዝዞ ሌላ ሰባት ቀን ይዘጋበታል። ከታጠበ በኋላ ከደበዘዘ ያን ቦታ ብቻ ቀድዶ ያወጣል። ጨርሶ ከለቀቀ ልብሱ ሁለተኛ ይታጠባል፣ ንጹሕም ይሆናል። መልኩ ካልተለወጠ ወይም ተመልሶ ከወጣ ግን እሳት አለ። እሳቱ ከሕጉ አልጠፋም፤ ቦታው መጨረሻ ላይ ነው። ከእሱ በፊት ማየት አለ፣ መጠበቅ አለ፣ ውኃ አለ፣ ደግሞ ማየት አለ። ለአንድ ሰው አንድ ልብስ፣ በምድረ በዳ፣ የእግዚአብሔር ካህን ይህን ያህል ጊዜ ሰጠ። ይህን ሳነብ ልብሱ የማን ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ምናልባት ሌላ መለወጫ የሌላት የአንዲት መበለት ይሆናል።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ እከክ ተውሳክ ይናገራል ማለቴ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያለችው ግን ከካህኑ ሥራ ጋር ሲገጥም አየሁ። የእከክ ተውሳክ ዓይን በቀላሉ የማያያት፣ ቆዳ ሥር ጉድጓድ እየማሰች የምትኖር ፍጥረት ናት። ከሰው ገላ ስትለይ በአብዛኛው ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ አትቆይም፤ ሳምንት የተባለው ለጥንቃቄ ነው። ሙቅ ውኃም ይገድላታል። መዝጋት ወይም ማጠብ፣ አንዱ ይበቃል።

ቀላሉ መዝጋቱ ነበር። ፌስታሉን ከፍቼ ወደ ልጁ ጎንበስ ስል ጥጃውን ከጀርባው ደበቀ። «ትንፋሽ ያጥረዋል» አለኝ። «ውስጡ ታፍኖ ይሞታል።» ልጁ ስለ ኮንቴይነር የሚያውቀው ነገር የለም። እኔ ግን ፌስታሉን አጣጥፌ አስቀመጥኩት፤ እናቱም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ስለዚህ አጠብነው። እናቴ ብትኖር እንዶድ ታመጣ ነበር፤ ነጠላና ጋቢ በእንዶድ አረፋ ሲነጣ አይቼ አድጌያለሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ፣ ፍሬው ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያወቀው ከእነሱ እጥበት ተነሥቶ ነው። እነዚያ ሴቶች ነጠላ ለማንጣት ጎንበስ ብለው ከታች ያለውን ሰው ልጅ ከበሽታ ይጠብቁ ነበር፣ ሳያውቁት። ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። ይሁን እንጂ እንዶድ ወደ ሆድ ሲገባ መርዝ ነው፤ ልጅ አፉ ውስጥ የሚከተው ነገር ላይ አላደርገውም። በረኪናም ቡናማውን መልክ ይበላዋል፤ ሽቶ የበዛበት ዱቄት ሳሙናም ሌላ ሰው ያስመስለዋል። ተራ የልብስ ሳሙና ፍቄ በሳፋ ውስጥ አሟሟሁ።

አስቀድሜ ልጁን ጠየቅሁት። «ጥጃህን እያሳከከው ነው፤ ገላውን እንጠበው?» አልኩት። ብዙ አሰበ። ጥጃውን ጆሮ ላይ ጠየቀው። ከዚያ «እኔ ነኝ የማጥበው» አለ። መጀመሪያ እጅ የማይችለው ሙቅ ውኃ አፈሰስኩበትና በክዳን ከደንኩት፤ ልጁ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ጠበቀ። ውኃው ለብ ሲል እጅጌውን ሰበሰብኩለትና ገባበት። የታኘከውን ጆሮ በሁለት ጣቱ ብቻ፣ ቀስ ብሎ አሸው። እኔ ሳጥበው የምለውን ቃል በቃል ለጥጃው አለው፤ «ዓይንህን ጨፍን፣ አሁን ያልቃል።» ውኃውን ደጋግመን ቀየርን። ስናወጣው አልጠመዘዝነውም፤ ስፌቱ ይለቃል፣ ውስጡም ይጓጉላል። በፎጣ ጠቅልለን ተጫንነው። በጆሮው ገመድ ላይ ማንጠልጠሉን ልጁ እምቢ አለ፣ ሰፌድ ላይ አስተኛነው።

የዚህ ዓይነት አሻንጉሊት ውጪው ቶሎ ይደርቃል፤ ውስጡ ግን ቀን ይፈልጋል። በእርጥቡ ከታቀፈ ይሻግታል። ስለዚህ ሲመሽ ሰፌዱን ከፍሙ ራቅ አድርገን ምድጃው ዘንድ አስቀመጥነው፤ ልጁም አልጋው ላይ ሆኖ እንዲያየው ፊቱን ወደዚያው አደረግን። ያን ያሰብኩት ለማድረቅ ነበር። በማግስቱ ሳሸትተው ግን የቤታችን ጢስ ተመልሶበታል፣ ደስ አለኝ።

አባቱ በዚያ ሳምንት ሲደውል ነገሩን ሰምቶ «ጣሉት፣ እኔ አዲስ እልካለሁ፣ ያንኑ ዓይነት» አለ። ከልቡ ነው ያለው። ብሩስ ሁድና ፖል ብሉም የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ለትንንሽ ልጆች ማንኛውንም ነገር አስመስሎ የሚያባዛ ማሽን አለ ብለው አሳዩአቸው። ለሌላ መጫወቻ ቅጂውን በደስታ የወሰዱ ልጆች አብሯቸው የሚያድረውን ነገር በተመለከተ ግን የመጀመሪያው ይመለስልን አሉ፤ ወደ ማሽኑ እንዲገባ ጨርሶ ያልፈቀዱም ነበሩ። ከእኛ እምነት ጋር የሚሄደው የእነዚህ ልጆች ፍርድ ነው። እረኛው ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የጠፋችውን ለመፈለግ የወጣው ሌላ በግ ስላጣ አይደለም።

ጥጃው ሲደርቅ ለልጁ ሰጠሁት። አፍንጫውን አንገቱ ሥር ከተተ፣ አሸተተ፣ ራቅ አድርጎ አየው። ፊቱ ተለወጠ። ጢሱ ቢኖርም ቅቤውና ላቡ የለም። ቁልፉን ዓይን ነካ፤ አልበቃውም። ጆሮውን ነካ። ከዚያ ገለበጠውና ሆዱ ላይ ያለውን የፍም ጠባሳ በጣቱ ፈለገ። ሲያገኘው ጣቱን እዚያው አቆየ። «ራሱ ነው» አለ።

ሐዋርያው ቶማስ የጠየቀው ይህንኑ ነው። ዮሐንስ 20 ላይ ከሙታን የተነሣው ጌታ በተዘጋ በር ገብቶ የቆመ፣ ሞት የማይነካው ሥጋ የለበሰ ነው፤ የችንካሩ ምልክትና የጎኑ ቁስል ግን አልጠፉም። ትንሣኤ ሁሉን ማደስ ከሆነ እነዚያ ቀድመው መታደስ ይገባቸው ነበር እንል ይሆናል። ቀሩ። ቶማስም በእነሱ አወቀው። ከዚህ በኋላ ንጽሕናን ምልክት አልባ መሆን አድርጌ ማስተማር አልችልም። የዘሌዋውያን ካህን የሚፈልገው የሚሰፋውን ደዌ ነው፤ ያንን ሲያገኝ ይቀድዳል፣ ያቃጥላል። የማይሰፋውን፣ ታጥቦ የጠራውን፣ ከነታሪኩ ለባለቤቱ ይመልሳል። ተውሳኳ መሞት ነበረባት፣ ሞተች። ጠባሳው መቅረት ነበረበት፣ ቀረ። ሽታው በሁለቱ መካከል ነው፤ ግማሹን ወሰድን። ልጁም ከጥቂት ሌሊት በኋላ የወሰድነውን መልሶ አመጣው።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል፣ እሱም ከጎረቤቴ ጥያቄ የተወለደ ነው። እሳቱን ከልጁ ጥጃ ላይ ባነሣውም ከቤቴ ላይ አላነሣሁትም። ሁለተኛ ነገሥት 18 ላይ ንጉሥ ሕዝቅያስ ሙሴ የሠራውን የናስ እባብ ይሰባብራል። ያ እባብ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የተሠራ፣ በምድረ በዳ ያየውን ሁሉ ያዳነ ነበር። ጥፋቱ መቆየቱ ነው፤ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ የጠበቁት ትውልዶች ዕጣን ያጥኑለት ጀመር። ልጁ ጥጃውን አንድ ቀን ይተወዋል። ዊኒኮትም እንደሚለው ልጆች እነዚህን ነገሮች አያለቅሱላቸውም፣ አይቀብሯቸውም፤ ትርጉማቸው ቀስ በቀስ ይሳሳና ጥግ ይቀራሉ። ያኔ የሚያነሣው ማን ነው? እኔ ነኝ። ልጄ በእጁ የነካው፣ ከዚያ አገር የመጣ ብቸኛ ነገር ነው። ልጁ በጥጃው ውስጥ አባቱን አይፈልግም፤ በእኛ ቤት በዚያ ድብ ውስጥ ልጇን የምትፈልግ እኔ ነኝ። በሳጥኔ ውስጥ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ስልኩ ያልተደወለ ቀን እያወጣሁ ማሸተት እንደምጀምር ራሴን አውቃለሁ።

ስለዚህ ለምራቴ ጎረቤቴ እየሰማች ነገርኳት፦ ልጁ የረሳው ቀን ለእኔ አትስጪኝ፤ ቅደጂውና ውስጡን ትራስ ሙይበት፣ ልብሱንም ለወለል መጥረጊያ አድርጊው። ምራቴ «እሺ እማዬ» አለች። ጎረቤቴ ግን በምራቴ አልተማመነችም፤ ጊዜው ሲደርስ ራሷ መጥታ እንደምታስታውሰኝ ነገረችኝ።